የአያ ተገኘ ቅዳሜና የቀይዋ መኪና ባትሪ

አያ ተገኘ ማረፋቸውን የነገረችኝ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ከእስራኤል ደውላ «እትዬ እናኑ፣ አባባ አረፉ» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሦስቱንም ልጆቼን በየተራ እየደወልኩ ደህና መሆናቸውን ጠየቅሁ። የሰው ሞት ስሰማ እንዲህ ካላደረግሁ ሥራ አልይዝም። ሁለቱ አያ ተገኘን አያስታውሷቸውም። ትልቋ ትርንጎ ግን «እማ፣ ጻፊው» አለችኝ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የተማረ ሰው መጥቶ እስኪጽፍላቸው ብጠብቅ ግን የሚያውቃቸው ሰው ያልቃል።

አያ ተገኘ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚያስወጣው መንገድ፣ ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ ባለች ትንሽ መንደር የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ሰው ነበሩ። አባታቸው ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው አሥመራ ሄደው በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። ሲመለሱ አንድ የቆዳ ከረጢት ሙሉ መፍቻና አንድ አፍ ሙሉ ስድብ ይዘው ነው የመጡት። ብሎን እምቢ ሲላቸው በጣሊያንኛ ይሰድቡታል፤ ሲታዘዝላቸው በአማርኛ ይመርቁታል። በደርግ ዘመን የከተማችን ወፍጮ ተወርሶ የቀበሌ ሲሆን፣ ሞተሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልተገኘ እሳቸውም አብረው የቀበሌ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይበላል ይባል ነበር። ይባል ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ አምን ነበር። ትርንጎን አዝዬ በወፍጮ ቤቱ በኩል ሳልፍ ፊቷን በነጠላ እሸፍን ነበር። አያ ተገኘም ይህንን ያውቃሉ። ልጅ ያዘለች ሴት ስትመጣ ካዩ ሥራቸውን ትተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ እጃቸውንም ወደ ኋላ ያጣምራሉ።

«ዞሬያለሁ! እለፉ!» ይላሉ ጮክ ብለው። ትንሽ ቆይተውም «አለፋችሁ ወይስ እዚሁ ግድግዳ ላይ ላርጅ?»

ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ነጠላውን ግን አያነሱም። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ወፍጮ ቤት ቆሞ ሳለ እንዲሁ ዞሩና ከግድግዳው ጋር እያወሩ «እኔ የምለው፣ ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ከነዚህ ከሲታ ልጆች እጀምራለሁ?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው የሊቀመንበሩን ቦርጭ ከላይ እስከ ታች አዩት። ሊቀመንበሩ ሳያስበው ኮቱን ቆለፈ።

ቤተ እስራኤሎቹም በበኩላቸው እኛን ከነኩ ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም ነበር። አያ ተገኘ ዱቄታችንን ሲያስረክቡ ጆንያውን መሬት አስቀምጠው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ፤ እኛ ቀርበን እናነሳለን። ለስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም የከተማው ሰው አንቱ ብሏቸው አያውቅም። ልጁም አዋቂውም «አንተ ተገኘ» ነበር የሚላቸው፤ እኔም ጭምር።

ከሊቀመንበሩ ጋር የሚያጣላቸው ግን ዓይናቸው ሳይሆን ቅዳሜያቸው ነበር። ቅዳሜ ገበያ ነው። ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው እህሉን ሸምቶ፣ አስፈጭቶ መመለስ ይፈልጋል። እኛም ቅዳሜን እናከብራለን፤ የእሳቸው ሰንበት ግን ሌላ ነበር። እሳት አይነኩም፣ ሩቅ አይሄዱም፣ ዕቃ አይሸከሙም። በዚህ ምክንያት ሦስት ጊዜ ታስረዋል።

«ወፍጮው የሕዝብ ነው፣ አንተም የሕዝብ ነህ» ይላቸዋል ሊቀመንበሩ።

«ስድስት ቀን የሕዝብ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። በሰባተኛው ቀን ሌላ ባለቤት አለኝ።»

«እስር ቤት ትገባለህ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆነ ደስ ይለኛል። እዚያ ሥራ የለም።»

ቀይዋ መኪና በቀበሌው ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የቆመች ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ነበረች። ከአብዮቱ በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው ዋልያ ሊያይ ይዟት መጣ። ወገብ የማትደርስ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ለውድድር የምትሠራ ዓይነት ናት። ወደ ቡይት ራስ የሚወስደውን ዳገት ጀምራ ሆዷ ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠ ሰውየው ከተማ ትቷት በበቅሎ ወደ ሳንቃ በር ወጣ። በዚያው አገሩ ታወከና ሳይመለስ ቀረ። ቀበሌው መኪናዋን ወርሶ ሁለቱንም በሮቿን በወረቀትና በማኅተም አሸጋቸው። ዶሮዎች ከሥሯ እንቁላል ይጥሉ ነበር።

አያ ተገኘ ከወፍጮ ሲመለሱ እሷ ጋ ጎራ ሳይሉ አያልፉም። ጎማዋን ይነፉላታል፤ በየወሩ ካንዴላዋን ፈተው ዘይት ጠብ እያደረጉ ሞተሯ እንዳይነክስ በእጃቸው ያዞሩላታል። ዘበኛው «ምን ያደርግልሃል?» ሲላቸው «ያለ ጥፋቷ የታሰረች ናት፤ እስረኛ መጠየቅ ክልክል ነው እንዴ?» ይሉታል። አንድ ነገር ብቻ አላደረጉላትም። ባትሪዋ ሞቶ ነበር፤ እሱን የሚተካ አልነበራቸውም።

ትርንጎ በታመመች ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ በሚሊሻነት ተወስዶ ከሄደ ዓመት ሆኖታል። ሐሙስ ዕለት ሆዷን በቀኝ በኩል አመማት። ዓርብ አስመለሳት። ቅዳሜ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ፊት ሳስተኛት ሆዷ እንደ ጣውላ ደርቆ ነበር።

ድሬሰሩ እጁን ታጠበና ወደ ውጭ ወሰደኝ። «ትርፍ አንጀት ነው። ሊፈነዳ ደርሷል። ዛሬ ጎንደር ገብታ ካልተቀደደች አታድርም» አለኝ።

«በምን ልውሰዳት?»

አውቶቡስ ከመጣ ስድስት ቀን አልፎታል። የወታደር መኪና ቢለመንም አይቆምም። በበቅሎ ጎንደር ሁለት ቀን ነው።

«ቀይዋን መኪና የሚያስነሳ ሰው ቢኖር» አለ ድሬሰሩ፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ ተያየን። ማን እንደሚያስነሳት ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቀኑ ምን እንደሆነም እናውቃለን።

ትርንጎን አዝዬ ወደ መንደራቸው መንገድ ስጀምር ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ከበሯ ላይ አየችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ተገኘ።»

«በሞትኩት! የታመመች ልጅ ይዘሽ? በገዛ እግርሽ ወስደሽ ልታስበያት?»

ቆም አልኩ። እንዳልመለስ ያደረገኝ የትርንጎ ትንፋሽ ነው፤ አንገቴ ላይ እንደ እሳት ይፈጃል።

መንደራቸው ስደርስ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ከጸሎት ይመለሳል። እንዳልነካቸው መንገድ ይለቁልኛል። አያ ተገኘ ከቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጅ ማዘሌን እንዳዩ ብድግ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ሰንበታቸው።

«ዞሬያለሁ፤ እለፊ» አሉ።

«አላልፍም። ወደ አንቱ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። አንቱ የሚለው ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። «አያ ተገኘ፣ አይዙሩብኝ። ይዩልኝ።»

ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ። እኔም ነጠላውን ከልጄ ፊት ላይ አነሳሁ። ትርንጎን አዩዋት፤ ከንፈሯን፣ የጎደጎደ ዓይኗን፣ ሆዷን የያዘውን እጇን።

«ድሬሰሩ ምን አለ?»

«ዛሬ ጎንደር ካልገባች…» ብዬ ቀሪውን መጨረስ አቃተኝ።

ወደ ከተማው አቅጣጫ እያዩ «የድምፅ ማጉያው ባትሪ ወፍጮ ቤት ነው» አሉ ለራሳቸው። ቀበሌው ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠራበት ድምፅ ማጉያ በመኪና ባትሪ ነው የሚሠራው። ዓርብ ዓርብ ወፍጮ ቤት አምጥተው ይተዉታል፤ አያ ተገኘ በዚያው ቀን በሞተሩ ዲናሞ ይሞሉታል፤ ለእሑድ ስብሰባ ይወስዱታል።

ሚስታቸው ከውስጥ ወጡ። «ተገኘ! ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ቅዳሜ። ሰንበትን የሰጠኝ እሱ ነው፤ ይቺንም ልጅ የሰጣት እሱ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ምን እንደማደርግ አልነገረኝም። አሁን ልጅቷን ላድርስ፤ ስለ ሰንበቱ እኔና እሱ በኋላ እንነጋገራለን።»

ሚስታቸው ተመልሰው ገቡ። የመፍቻውን ከረጢት አምጥተው መሬት ላይ አኖሩላቸው፣ ሁለት እርምጃም ወደ ኋላ አሉ።

የቀበሌው ግቢ ስንደርስ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ከካድሬዎች ጋር ወደ አምባራስ ወጥቷል፤ ዘበኛው ገበያ ነው። በጤና ጣቢያው በኩል ስናልፍ የነገርነው ድሬሰር ባትሪውን ከወፍጮ ቤት ተሸክሞ ደረሰ። ትርንጎን ከባሕር ዛፉ ሥር በጋቢ ጠቅልዬ አስተኛኋት።

የሌሎች መኪናዎች ባትሪ ኮፈኖው ሲከፈት ይታያል ይባላል። የዚህችኛዋ እንደዚያ አይደለም። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ከግራው የፊት ጎማ ጀርባ፣ በጎማውና በበሩ መሐል ባለች ጠባብ ሆድ ውስጥ ነው የወተፉት። እሱን ለማውጣት ጎማው መፈታት አለበት። ክሪክ አልነበረንም፤ አያ ተገኘና ድሬሰሩ ወገቧን ይዘው በእጃቸው አነሷት፣ እኔ ከሥሯ ድንጋይ ከተትኩ።

«ገላዋ ፕላስቲክ ነው» አሉ አያ ተገኘ። «ከእኔ መዶሻ ብታንስ እንጂ አትበልጥም።»

ጎማው ወለቀ። ከጀርባው ያለው ክዳን ተነሣ። ባትሪው ታየ፤ ጥቁር፣ ራሱ ላይ እንደ ሻጋታ ነጭ ዱቄት ያወጣ። ገመዶቹን ፈቱ፤ ባትሪው ግን አልነቃነቅ አለ። ከጀርባው በአንድ ብረት ታስሯል፤ የብረቱ ዳዶ ያለችው በባትሪውና በግድግዳው መሐል አራት ጣት በማይሞላ ክፍተት ውስጥ ነው። አያ ተገኘ እጃቸውን ሰደዱ። የመዶሻ እጅ ነው፤ አንጓቸው ላይ ቆመ። ድሬሰሩም ሞከረ፤ ክርኑ ላይ ቀረ። አያ ተገኘ በጣሊያንኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ።

ከዚያ ክንዴን አዩ። እኔ በዚያን ጊዜ ቀጭን ነበርኩ።

«እናኑ፣ እጅሽን ስጫት።»

«እኔ? እኔ የመኪና ነገር ምን አውቃለሁ? ብሰብረውስ? እሳት ቢያወጣስ?»

«ገመዱን ፈትቻለሁ፣ እሳት የለም። ሞቷል። የሞተ ባትሪ ነው የምታወጪው። ግቢ።»

መሬት ላይ ተጋደምኩና ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከተትኩት። ጉንጬ ጭቃው ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የትርንጎ እግር ብቻ ነበር።

«ምን ነካሽ?» አሉ ከላዬ።

«ቀዝቃዛ ብረት።»

«ወደ ላይ።»

«ዱቄት ነገር… ይለበልባል!»

«አሲድ ነው። ዓይንሽን እንዳትነኪ።»

«ውይ! ልውጣ!»

«እንዳትወጪ! አንዴ ከወጣሽ ፍርሃትሽ ዳግመኛ አያስገባሽም። ወደ ላይ።»

«ስድስት ጎን ያላት ትንሽ ነገር…»

«እሷ ናት! እሰይ! ድሬሰር፣ ይቺን መፍቻ ያቀብሏት። አሁን ወደ ግራ። ወደ አንቺ ግራ አይደለም፤ ወደ እሷ ግራ።»

መፍቻው የሚዞርበት ቦታ አልነበረውም። ጥቂት አዞራለሁ፣ አወጣለሁ፣ እንደገና በዳሰሳ አስገባለሁ። ክንዴ ይቃጠላል። ትርንጎ ማቃሰቷን አቆመች፤ ከማቃሰቷ ይልቅ ዝምታዋ አስፈራኝ። «ትተነፍሳለች?» አልኩ። ድሬሰሩ «ትተነፍሳለች» አለ። ጥቂት አዞርኩ። «አሁንስ?» «ትተነፍሳለች።» እንዲህ እያልን ዳዶዋ ላላች፤ በጣቴ ልይዛት ስል ግን አመለጠችኝና ከውስጥ የሆነ ቦታ ወድቃ ስትንከባለል ሰማኋት።

«ጣልኳት!» ብዬ አለቀስኩ።

«ትውደቅ። እጅሽን አውጪና ውኃ አፍስሺበት።»

አሮጌው ባትሪ ወጣ። የድምፅ ማጉያው ባትሪ በቦታው ገባ፤ ግን ትንሽ አነስ ስለሚል ይንቀጠቀጣል፣ ማሰሪያዋን ደግሞ ጥያለሁ። አያ ተገኘ ዙሪያቸውን ገመድ ፈለጉ። እኔ መቀነቴን ፈታሁ። አሁንም ቀጭኗ እኔ ስለሆንኩ፣ መቀነቱን ከጀርባው አሳልፌ እንደ ልጅ አዘልኩት፤ እሳቸው ከፊት ቋጠሩት። ገመዶቹን ሲያስሩ «መጀመሪያ የፈታነውን መጨረሻ ነው የምናስረው» ብለው አሳዩኝ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጎማውን መለሱ። የወፍጮውን ዕቃ የሚያጥቡበትን ቤንዚን ጨመሩላት። በሩን ልከፍት ስል ጮኹብኝ። «ማኅተሙን! ማኅተሙን እንዳትነኪ!» ሸራውን አጠፉና በበሩ ላይ ተሻግረው ገቡ። ትርንጎንና የሆስፒታሉን መላኪያ ወረቀት ድሬሰሩ አቀበላቸው፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተሻገርኩ። ቁልፉ ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። ከመሪው ሥር ሁለት ሽቦ ጎትተው አገናኙ። ሞተሩ ሳለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ሳለና ተነሣ። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

መቀመጫዋ ጠባብ ስለሆነች ትከሻዬ ከትከሻቸው ተጣበቀ። ልሸሽ ብልም መሸሻ የለም። አያ ተገኘ ሳቁ። «ዛሬ አንቺ ትነኪኛለሽ፣ እኔ ልጅሽን አያታለሁ። እስኪ ማን ቀድሞ እንደሚሞት እናያለን።»

መንገዱ ጠጠር ነው። ድንጋዩ የመኪናዋን ሆድ ሲደበድብ በእያንዳንዱ ምት ትርንጎ ትጮሃለች፤ እኔ ደግሞ ከጩኸቷ በኋላ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። አያ ተገኘ ጉድጓዱን እየለዩ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያጥፋሉ። ዳባት መግቢያ ኬላ ስንደርስ፣ ሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ ረጅም እንጨት መንገዱን ዘግቶታል። ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ መጣ።

«የይለፍ ወረቀት።»

«የለንም» አሉ አያ ተገኘ፤ «የሆስፒታል ወረቀት አለን።»

«የሆስፒታል ወረቀት ይለፍ አይደለም። ይለፍ ለሌለው እንጨቱን እንዳላነሳ ታዝዣለሁ።»

እኔ መለመን ጀመርኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ተነሣሁ። አያ ተገኘ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። እንጨቱን አዩ፤ የመኪናዋን መስታወት አዩ፤ እንደገና እንጨቱን አዩ።

«ትእዛዝህ እንጨቱን አታንሳ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንዳታነሳ» አሉና «እናኑ፣ አንገትሽን ዝቅ» አሉኝ።

ትርንጎ ላይ ተደፋሁ። መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። እንጨቱ ከመስታወቷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በላያችን አለፈ፤ ጥላው በጀርባዬ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ።

«ቁም! እተኩሳለሁ!»

«ቆሜ ነበር!» አሉ አያ ተገኘ ወደ ኋላ ሳያዩ። «እንጨትህ አልተነሣም፣ ትእዛዝህ አልተሻረም። ደህና ዋል ልጄ!»

ጥይቱን ጠበቅሁ። ጀርባዬን አሰፋሁት፤ እኔን አልፎ እሷን እንዳያገኛት። ከኋላችን የሰማሁት ግን ሳቅ ነው። ከኬላው ቤት ሌሎች ወጥተው በጎረምሳው ይስቁበት ነበር።

ጎንደር ከቀትር በኋላ ገባን። ሐኪሙ ሆዷን ነክቶ ወዲያው አስገባት። እኔና አያ ተገኘ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ አሁን ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። በሩ ተከፍቶ «ድናለች፣ ለጥቂት ነው የደረሳችሁት» ተባልን። ከዚያ እኔ ላጽናናቸው አልኩና «አያ ተገኘ፣ ለነፍስ ብለው ነው። እንደ መሻር አይቆጠርም» አልኳቸው።

«አይ እናኑ» አሉ። «ማኅተሙን አልቀደድኩም ብዬ ሊቀመንበሩን አታልለዋለሁ። እንጨቱን አላስነሣሁም ብዬ ጎረምሳውን አታልለዋለሁ። ሰንበትን የሰጠኝን ግን አላታልለውም። ሽሬያለሁ። የሠራሁት ደግ ነው፤ ሽሬያለሁም። ሁለቱም እውነት ነው።»

ፀሐይ እስክትገባ ከዚያ አልተነሡም። ከዚያ ከቧንቧው ሄደው እጃቸውንና እግራቸውን ታጠቡ።

እኔ ከትርንጎ ጋር ሆስፒታል ቀረሁ። እሳቸው በማግስቱ መኪናዋን መለሱ፣ ከቆመችበት ቦታ አቆሟት። ማኅተሞቹ እንዳሉ ናቸው። ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያው አልሠራ ብሎት፣ ሕዝቡን በጉሮሮው ሲጣራ ነው የደረሱበት አሉ። ወዲያው አሰራቸው። የገዛ ሰዎቻቸውም ለጊዜው አገለሏቸው፤ በዚያ ግን አልተከራከሩም፤ ይገባኛል አሉ።

ከጎንደር ስመለስ ድምፅ ማጉያው አዲስ ትእዛዝ ያወራል። የቀበሌው ወፍጮ ከእንግዲህ ቅዳሜም ይሠራል፤ ሁሉም ቤተሰብ በመጪው ቅዳሜ እህሉን ይዞ ይገኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ሊቀመንበሩ የተገኘ ሰንበት እንደምትሻር አሁን አውቋል።

ቅዳሜ ጠዋት ጤፌን ተሸክሜ ሄድኩ። ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፤ ፈርቼ ነው የሄድኩት። ባሌ የለም፣ ልጄ ገና አልጋ ላይ ናት። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። እትዬ ጥሩነሽ ከኋላዬ ነበረች። አያ ተገኘን በሁለት ጠመንጃ ያዥ መሐል ከእስር ቤት አምጥተው ከሞተሩ አጠገብ አቆሟቸው። ጢማቸው አድጓል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል።

«አስነሣ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«ያን ቅዳሜስ? ለአንዲት ልጅ የሻረ ለሰፊው ሕዝብ አይሽርም?»

«ያን ቀን ሽሬያለሁ። አልካድኩም። ያን ቀን የሻርኩት አንተን ፈርቼ አይደለም። ዛሬ ብሽር ግን አንተን ፈርቼ ነው። ለእሱ ደግሞ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

«ይህ ሁሉ ሕዝብ እህሉን ይዞ እየጠበቀህ ነው!» አለና ሊቀመንበሩ ወደ ሰልፉ ጠቆመ።

ወደ እኛ የጠቆመው ያ እጅ ነው ያስነሣኝ። ልጄን ያዳኑልኝን ሰው የሚያስፈራራቸው በእኔ ጤፍ ነው። ተንበርክኬ ጆንያዬን ተሸከምኩና ከሰልፉ ወጣሁ።

«አንቺ ሴት፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የእኔ ጤፍ ሰኞ ይፈጫል።»

ድምፄ ወጣ። ወደ ኋላ ማየት ፈራሁ። የእትዬ ጥሩነሽን ድምፅ ግን ሰማሁት።

«ለካ የእኔም ገብስ አልተቆላም! ምን ዓይነት ሴት ነኝ!» አለችና ጆንያዋን አነሣች።

«የእኔም አልተበጠረም» አለች ሌላዋ።

«እኔስ መንገድ ስቼ ነው የመጣሁት፤ ጨው ልገዛ ነበር።»

«ተመለሱ! ትመዘገባላችሁ!» ይላል ሊቀመንበሩ። ማንም ቶሎ ቶሎ አልሄደም፤ ማንም ግን አልተመለሰም። እኔ ከመንገዱ ማዶ ጆንያዬን አውርጄ ቆምኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሊቀመንበሩ፣ ሁለት ጠመንጃ ያዥና አያ ተገኘ ብቻ ቀሩ።

«ፍጭ ብዬሃለሁ!» ብሎ ጮኸ።

አያ ተገኘ ባዶውን ወለል ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ። «ምን ልፍጭ?»